ተርኪውን በቅቤ የወጋሁበት መርፌ

ይህ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ሮቤ ነው። በሥራዬ ብዙ አስደንጋጭ ነገር አይቻለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ግን ደንግጬ አላውቅም።

ባለቤቴ ጀማል እዚሁ አቅራቢያ የገሰራ ልጅ ነው። እኔ ለሥራ የመጣሁት ከስልጤ ነው። አባቱ ሐጂ ከድር የአገራቸውን ልጅ እንዲያገባ ይፈልጉ ስለነበር፣ ከተጋባን በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታችንን አልረገጡም። አንድ ቀን ግን "እሑድ እመጣለሁ" ብለው ደወሉ።

ጀማል በደስታ የሚያደርገውን አጣ። አጋርፋ ከተማ ዶሮ ከሚያረባ ሰው ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ ገዝቶ መጣ። ተርኪ ሠርቼ አላውቅም። ዐረብ አገር ሰው ቤት ምግብ ትሠራ ለነበረችው እህቴ ደወልኩላት።

"ስጋው ይደርቃል፤ ንጥር ቅቤ አቅልጠሽ በመርፌ ውጊው" አለችኝ።

ሳቅሁ። መርፌ መውጋትማ እንጀራዬ አይደል!

አዲስ ሲሪንጅና ሁለት መርፌ ገዛሁ። እሑድ ጠዋት ብርዱ ለጉድ ነበር። ቅቤው ሲሪንጁ ውስጥ እየረጋ አስቸገረኝ። በኃይል ስገፋ መርፌው አጥንት ነክቶ ጎበጠ። አቃናሁትና ቀጠልኩ። ቆይቶ ቅቤው ጭራሽ አልወጣ አለ። በዚያው ቅጽበት ጀማል "አባ መንገድ ገብተዋል!" ብሎ ተጣራ። ተደፍኗል ብዬ ሳላየው ነቅዬ ጣልኩትና ሁለተኛውን አደረግሁ። ከዚያ ጀማል ተርኪውን በባጃጅ ወስዶ ሰፈራችን ያለው ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ አስጠበሰው።

ሐጂ ቀትር ላይ ከጀማል እህት ከዘይነባ ጋር ደረሱ። ከደረቱ ወፍራሙን መርጬ ቆርጬ አቀረብኩላቸው። ሁለት ጊዜ ጎርሰው፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዴት ያለ ይጣፍጣል!" ሲሉኝ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ።

ሚጥሚጣ ላመጣ ወጥ ቤት ገባሁ። የሎሚ ልጣጭ ልጥል ወደ ቆሻሻው ባልዲ ጎንበስ ስል የመጀመሪያውን መርፌ አየሁት። ፕላስቲኩ አለ። ብረቱ የለም። ከሥሩ ተሰብሯል።

ባልዲውን ወለሉ ላይ ገለበጥኩት። የሽንኩርት ልጣጭ፣ ላባ፣ የሻይ ቅጠል። ብረት የለም።

ስገባ ሐጂ እያኘኩ ነው።

"አይዋጡ! ይትፉት!" ብዬ ጮህኩ።

ግራ ገብቷቸው ሲያዩኝ አገጫቸውን ይዤ፣ ጣቴን አፋቸው ውስጥ ከትቼ ስጋውን አወጣሁት። የባለቤቴን አባት! ጥምጣማቸው ወደቀ። ዘይነባ "ያ ረቢ! አብዳለች!" ብላ ተነሣች።

"መርፌ ተሰብሮ ስጋው ውስጥ ቀርቷል" አልኩ።

ጀማል ሳህኑን ከፊታቸው ሳበ። ሐጂ ጉሮሯቸውን በጣታቸው ዳሰሱ።

"የዋጥኩትስ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

ክንዳቸውን ይዤ አስነሣኋቸው።

መኪና ለምነን ራጅ ልናስነሣቸው ወደ ጎባ ሆስፒታል ገሰገስን። ዘይነባ ስጋውን እየቦጫጨቀች እንድትፈልግ ቤት ቀረች። ያ አጭር መንገድ አላልቅ አለኝ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ዱዓ ያደርጋሉ። እኔ ምራቃቸውን በዋጡ ቁጥር ፊታቸውን አያለሁ።

ሐኪሙ የራጁን ውጤት እያየ ሳለ ዘይነባ ደወለች። ታለቅሳለች።

"አገኘሁት! አባ ሳህን ላይ ከቀረው ስጋ ውስጥ ነው።"

ራጁም ምንም አላሳየም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። ሐጂ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"እንግዳ ፊት መዋረድ ከባድ ነው" አሉኝ። "አንቺ ግን ጮህሽ። ዝም ብትዪ ኖሮ የሚቀጥለው ጉርሻ እሱ ነበር።"

አሁን ሐጂ ሮቤ ሲመጡ የሚያርፉት እኛ ጋ ነው። ሰው ባገኙ ቁጥር ወደ እኔ እየጠቆሙ "ያዳነችኝ ይህቺ ናት" ይላሉ። ሰው ሁሉ ይመርቀኛል።

ለጀማል እንኳ ያልነገርኩት ነገር አለ። ባልዲውን ገልብጬ ብረቱን ሳጣ ወዲያው አልሮጥኩም። "ምናልባት ወለሉ ላይ ወድቆ ይሆናል፤ በዚህ ቀን እንዴት ልዋረድ?" እያልኩ ቆሜ ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ከአፋቸው ያወጣሁትን ጉርሻ የጎረሱት ግን ያኔ፣ እኔ ቆሜ ሳለሁ ነው።