እናቴና የግልገሉ ግመል ፊልም

እናቴ ሰው የሚተውንበት ፊልም አይታ አልቅሳ አታውቅም። ሰውየው በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ እኔ መሀረብ ስፈልግ፣ እሷ "ተይው፣ አሁን ተነስቶ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል" ትለኛለች። ካርቱን ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። አንዲት የተሳለች ወፍ ክንፏ ሲሰበር ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ታደርጋለች። አንድ ቀን ስስቅባት ተቆጣች።

"ምን ያስቅሻል? ይቺ እኮ ከዚህ ሌላ ቤት የላትም።"

ስለ ፊልም እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ብዙ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ትልቅ ሰው ካርቱን ለምን እንደሚወድ ከዚህ የተሻለ መልስ ግን አልሰማሁም።

ዘወትር አርብ ከሥራ ስወጣ የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ በአውቶቡስ እዚሁ እስራኤል፣ ጊቫት ሃሞሬ የሚባል ሰፈር፣ እናቴ ቤት እወጣለሁ። ሰንበት ሳይገባ አንድ ፊልም ያያሉ፤ መራጯ ልጄ ናት። ፊልሙ በዕብራይስጥ ነው። "አይከብድሽም?" ብላት "እንስሳ ሲናገር ይገባኛል፤ የማይገባኝ የባንክ ቤቱ ሰውዬ ነው" አለችኝ። ወታደር የሆነው ትልቁ ልጄ እንኳ እረፍት ሲያገኝ ከአውቶቡስ ጣቢያው በቀጥታ እዚያው ይመጣና፣ ቦርሳውን በር ላይ ጥሎ አብሯቸው ይቀመጣል። እንቅልፌ መጣ እያለ ዓይኑን ይጠርጋል። ጉድ እኮ ነው፣ ጢም ያወጣ ልጅ!

ከሁሉ የሚወዱት የግልገሉን ግመል ፊልም ነው። ግልገሉ ከእናቱና ከሌሎች እንስሳት ጋር በረሃ ሲያቋርጥ የአሸዋ ማዕበል ይነሳል፤ እናቱ እዚያው ትቀራለች። ሌሎቹ መሞቷን አይተዋል። ለግልገሉ ግን "ከኋላ እየመጣች ነው፣ አንተ ብቻ ሂድ" ይሉታል። እሱም አምኖ ይሄዳል። እውነቱን የሚነግሩት ውሃና ጥላ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ነው።

እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ጠብ አለ። ልጄ ከሶፋው ላይ ትነሳና "ሼከር! ውሸታሞች!" ትላለች። የእስራኤል ልጅ ናት፤ እዚህ አገር ነገር ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። እናቴ ደግሞ እንስሳቱን ታመሰግናለች። "ጎሽ! የሰው ልጆች! መርዶ በመንገድ ላይ ይነገራል እንዴ? በረሃ ላይ ወድቆ እንዲቀር ነው የምትፈልጊው? ይድረስ መጀመሪያ!" እኔ መሀል ቁጭ ብዬ በሁለቱም እስቃለሁ። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች እናቴን ቢሰሟት ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። እሷ ግን ለእኛ ለጎንደር ሰዎች የተሠራ ነው ብላ አምናለች።

አንድ ሐሙስ ማታ ከጎንደር ተደወለ። የእናቴ ታላቅ ወንድም አርፏል። አባታቸው ሲሞት እሷን ያሳደጋት እሱ ነው፤ ለእሷ ወንድምም አባትም ነበር። እዚህ ያሉት የዘመድ ሽማግሌዎች ተመካከሩና፣ ሰንበት ሊገባ ስለሆነ አይረበሽባት፣ እሁድ በጠዋት ሄደን እናረዳታለን አሉ። እስከዚያ ከእሷ ጋር ሆኜ ማንም ደውሎ እንዳይነግራት የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። እኔ! የተቆጣሁት የሚታወቅብኝ፣ የደበረኝ የሚታወቅብኝ፣ ፊቴ ምስጢር ይዞ የማያውቅ ሴት!

አርብ እንደደረስኩ "ቻርጅ ልሰካልሽ" ብዬ ስልኳን ወስጄ፣ ድምፁን አጥፍቼ መኝታ ቤት አስቀመጥኩት። ልጄ ያንን ፊልም አምጪ አለች።

"ሌላ እንይ ዛሬ። እሱን እኮ በቃላችሁ ይዛችሁታል" አልኩ።

"ተያት፣ ደስ ያላትን ታምጣ" አለች እናቴ።

ፊልሙ ተከፈተ። ማዕበሉ መጣ፣ አለፈ። እንስሳቱ "ከኋላ እየመጣች ነው" ማለት ጀመሩ። ልጄ ብድግ አለች፣ "ሼከር!" ብላ ጮኸች፣ ከዚያ አያቷን ጠበቀች።

"ሳፍታ፣ ዛሬ አትመልሺልኝም?" አለች፤ አያቷን የምትጠራት በዕብራይስጡ ነው።

"ዛሬ አንቺ አሸንፊ፣ የኔ እናት" አለቻት።

ትንሽ ቆይታ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"እሁድ ነው የሚመጡት?"

"እነማን?" አልኩ።

"ተይ እንግዲህ። ከገባሽ ጀምሮ አንዴ እንኳ አልተቆጣሽኝም። ስልኬንም ደብቀሽዋል።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ወታደሩ ነው?"

"አይደለም! በፈጠረሽ እማዬ፣ አሁን በመንገድ ላይ አናግሬዋለሁ። ልጆችሽም፣ የልጅ ልጆችሽም ደህና ናቸው።"

ረጅም ትንፋሽ አወጣች። "ተመስገን። በቃ፣ ሌላ አትጨምሪ።"

አልቻልኩም፣ ንዴቴ መጣ። በሽማግሌዎቹም በወጉም ተናደድኩ። "ልንገርሽና ይውጣልሽ። ምን አስጨነቀሽ?"

"አይሆንም። ልጅቷ እዚህ አለች፣ ሰንበት በር ላይ ነው። ሰዎቹ ተመካክረው የወሰኑትን አታፍርሺባቸው።" ከዚያ ወደ ፊልሙ ተመለሰች። እስከ መጨረሻው አየችው፤ ነጠላዋን አላነሳችም።

ሻማ አበራች፣ ባረከችን፣ በላች። ቅዳሜ ልጄን አቅፋ ተረት ነገረቻት። እኔ ግን ምግብ አልወርድ ብሎኝ ነበር። አንዳንዴ አንገቷን ወዲያ ዞር ስታደርግ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጸሎት መሰለኝ።

እሁድ ገና ሳይነጋ ተነስታ፣ ታጥባ፣ ለብሳ ጠበቀቻቸው። ሽማግሌዎቹ ሲያንኳኩ እኔ ከፈትኩ። እሷ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ "ምነው በደህና ነው በዚህ ጠዋት?" አለቻቸው፤ ምንም የማያውቅ ሰው ድምፅ። ለእነሱ ብላ ነው። እንዴት እንጀምር እያሉ መንገዱን ሙሉ ተጨንቀው እንደመጡ ታውቃለች። በውስጤ፣ እማዬ ጎበዝ ናት፣ ሐዘኑንም በሰንበቱ ጨርሳዋለች አልኩ።

የወንድሟን ስም ሲጠሩ ግን ገና አሁን መርዶ እንደሚሰማ ሰው ጮኸች። ያኔ ነው የገባኝ። እኔ የአንድ ሰው ሞት ብቻ ይዤ ነበር የሰነበትኩት። እሷ ግን ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ ሰንበቱን ሙሉ ጎንደር ያሉትን አንድ በአንድ በሐሳቧ ስትቀብር፣ እሱን ብቻ ሳትደፍር ለመጨረሻ አስቀርታው ነበር።