በር ይዤ እስከ ሶባ

ሀያት ልጄ፣ እንደምነግርሽ ጻፊው፤ አታሳምሪው።

ፋጡማ የወሎ ልጅ ናት፤ ካርቱም የገባነው አብረን ነው። ወገቧን ካመማት ወዲህ እግሯ አልታዘዝ አላት። አንድ ደግ ሰው የሚገፋ ወንበር ሰጣት፤ ግን ሶባ ያለው ቤቷ የኸሪፍ፣ የክረምቱ ጎርፍ እንዳይገባው ተብሎ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ደፉ ጉልበቴ ድረስ ይመጣል። "ወንዶች ተሸክመው ያውጡሽ" ሲሏት "እንደ ጆንያማ አልወጣም" ብላ ቤት ውስጥ ከረመች። አሁን ደግሞ በእጇ ያሳደገቻት የጎረቤት ልጅ ጁምዓ ለት ልትዳር ነው። እኔም ሐሙስ ጠዋት አንድ አሮጌ የበር ሳንቃ ይዤ ከሰፈሬ ከማዮ ተነሳሁ።

ሱቅ ዐረቢ

እዚህ፣ መሀል ከተማው ገበያ ወርጄ ፉል በላሁ፤ የሰሊጥ ዘይቱ ጥሩ፣ ሽንኩርቱ የሚያስለቅስ። የሶባው ሃይስ ታክሲ ሂሳብ ሰብሳቢ በሩን አይቶ ሳቀ።

"ያ ሀጃ፣ ቤቱስ የታለ?"

"ከኋላ እየመጣ ነው።"

ለበሩም እንደ አንድ ሰው አስከፈለኝ። "ታዲያ ወንበር ስጠዋ!" ብለው ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ሳቁበት። በሩ ግን ከላይ ታስሮ ሄደ።

ሶባ

አቧራ እየቃምን እኩለ ቀን፣ ዙሁር ላይ ደረስን። እኔና ጎረቤቷ አሚና በሩን ከደፉ ወደ ግቢው አጋደምነው። "ፋጡማ፣ ቆይ፤ መጀመሪያ ውሃ ይሞክረው" ብዬ ሁለት ጀሪካን ውሃ ወንበሩ ላይ አሰርን። ለቀቅ ስናደርገው በርሮ ግቢው መሀል ተገለበጠ። ፋጡማ በመስኮት አይታ፣

"አልሐምዱሊላህ! ያ እኔ ነበርኩ" አለች።

ልንመልሰው ከአሚና ጋር ሆነን ገፋን፤ መሀል ላይ ስንደርስ አቃተን።

ቁጭ ብዬ አየሁት። እኛ አገር ገደሉን ፊት ለፊት የሚወጣ ማን አለ? መንገዱ እየዞረ ነው የሚወጣው፤ እንስራ ያዘለችም ትደርሳለች።

"አሚና፣ ያጠረው መንገዱ ነው። እናስረዝመው።"

"ደፉ እንደሁ ያው! ምን ሊቀየር?"

"እንየዋ!"

የበሩን የታች ጫፍ በጡብ ስባሪ ከፍ አደረግነው፤ ከዚያ ግቢው ውስጥ እስካለው የኒም ዛፍ ድረስ አፈር እየጠቀጠቅን ቀስ እያለ የሚወርድ መንገድ ሠራን። ከሰዓት በኋላ፣ ዐስር ሰላት ካለቀ፣ ጀሪካኖቹን አሚና ብቻዋን ገፍታ አወጣቻቸው፣ ያውም ወሬ እያወራች! ውሃው ያው፣ ደፉም ያው። እርምጃው በዛ እንጂ ጉልበቱ ቀለለ። ወላሂ ገረመኝ፤ ደጋግሜ ገፋሁት።

ከዚያ ፋጡማ ተቀመጠች።

"ከለቀቅሽኝ እረግምሻለሁ!"

"ዝም በይ፣ ጀሪካኖቹ እንኳ አላለቀሱም።"

ጁምዓ ለት ሰርጉ ቤት እልልታውን ያስጀመረችው እሷ ናት። ሙሽሪት ሮጣ መጥታ ጉልበቷ ላይ ተደፋች። "ማን ተሸክሞ አመጣሽ?" ሲሏት "ማንም!" ትላለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ማዮ

ቅዳሜ ባዶ እጄን ቤቴ ገባሁ። ድሮ ከባድ ነገር ሳይ "ስንት ወንድ ያነሳዋል?" ነበር የምለው። አሁን "ምን ያህል መንገድ ይበቃዋል?" እላለሁ።