የባሕር ጃርቱ እንግዳ

ዓሣ በመስታወት ገንዳ በሚታይበት ቤት ቲኬት ቆራጭ ነኝ። ከሰዓት በኋላ፣ የወንድሟን ልጆች ከትምህርት ቤት ከመውሰዷ በፊት፣ አንዲት ሴት ትመጣለች። ጫማዋ ይሰፋታል፤ የሌላ ሰው እንደነበረ ያስታውቃል። ትልልቆቹን ዓሦች አልፋ የባሕር ጃርቱ ገንዳ ፊት ትቆማለች። በጥቋቁር እሾሆቹ መካከል ሽሪምፕ የምትባል፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ባለ ብዙ እግር የባሕር ፍጥረት ትኖራለች።

«ጋሼ፣ አይወጋትም?» አለችኝ አንድ ቀን።

«አይወጋትም። እንዲያውም እሾሁ ከዓሣ ይጠብቃታል። ተጠግታው ነው የምትኖረው፤ እሱን ግን አትጎዳውም።»

ጥቂት አሰበችና፣ «እሱስ አትሰለቸውም?» አለች።

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ወዲያው ስልኳ ጠራ፤ ገና ሳታነሳው ቀጥ ብላ ቆመች።

«አቤት እትዬ… ጨርሻለሁ እትዬ፤ ልብሱንም አስገብቻለሁ።»

ስልኩን ዘግታ፣ «የወንድሜ ሚስት ናት። ጥሩ ሰው ናት» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

ባለፈው ሳምንት ሻንጣ ይዛ መጣች። ዐይኗ በለቅሶ አብጧል። ገንዳውን ዞር ብላም አላየችው፤ በቀጥታ ወደ እኔ መጥታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ጽዳት ሠራተኛ አትፈልጉም? ማደሪያ ካለ ደሞዙ ግድ የለም» አለችኝ።

ክፍት ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ። ደግሞም እዚህ ከዓሦቹ በቀር የሚያድር የለም። ይህን ፊት ለፊቷ ለመናገር ግን አፌ እምቢ አለኝ።

«እስኪ ቁጭ በይ፣ ልጠይቅልሽ» አልኳት።

የወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ ተቀመጠች። ሻንጣዋን መሬት ብታስቀምጠው ሰው የምታስቸግር መስሏት ጭኗ ላይ አቀፈችው።