ሁለቱንም እግር የምትለካው እህቴ

ታላቅ እህቴን «እትዬ» እላታለሁ። ባለቤቴም «እትዬ» ነው የሚላት፤ ጎረቤቱም እንደዚያው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ሆስፒታል የስፌት ክፍል ውስጥ የነርሶች ሱሪ ስታሳጥር፣ አንሶላ ስትቀመቅም ኖራ ጡረታ ወጣች። ወጣች ይባላል እንጂ እኔ ስትወጣ አላየሁም! ሳሎኗ ውስጥ ካለው ወንበር ጀርባ ላይ ዛሬም የሰው ሱሪ አይጠፋም።

ሌላው ልብስ ሰፊ አንዱን እግር ይለካና ሁለተኛውን በዚያው ልክ ይቆርጠዋል። እትዬ ግን ሁለቱንም ትለካለች። ሁልጊዜ። ለምን ቢሏት «እኩል እግር ያለው ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ እሱም የተገዛ ሰሞን» ትላለች። ለዓመታት እንደ ቀልድ ሰምቼዋለሁ። ቁም ነገር መሆኑ የገባኝ በባለቤቴ ሱሪ ነው።

ባለቤቴ ሆቴል በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከደረጃ ወድቆ ግራ እግሩ ተሰበረ፤ ሲድን አንድ ጣት ያህል አጠረ። ማነከስ ጀመረ። አለቆቹም ምድር ቤት ያለው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አስገቡት። ሰው ሲያይ ፊቱ የሚበራ ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሳሙና ካርቶን ጋር! በቀደም ታዲያ የበሩ ሠራተኛ ለቀቀና «እስቲ ሰኞ በሩ ላይ ቁምና እንይህ» አሉት። እንይህ! አዲስ ዩኒፎርምም ሰጡት። ኮቱ ልክክ አለ፤ ሱሪው ግን ለቀጭኔ የተሰፋ ነው።

«ለእትዬ እንስጣት» ብዬ ብለምነው «ሕፃን ነኝ እንዴ? ራሴ አሳጥረዋለሁ» አለና ቅዳሜ ከሰዓት መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ከውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ሱሪውን ለብሶ ወጣ። ቀኙ ጫማው ላይ ጥሩ አርፏል። ግራው ተረከዙን አልፎ ወለል ይጠርጋል።

መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን አየ። «አየሽ? ሱሪው እንኳ አሳበቀብኝ» አለ። «ሰኞ አልሄድም።»

ምን ላድርግ? ስልክ አነሳሁ። እሑድ ረፋድ ላይ እትዬ መርፌና ክሯን በቦርሳዋ ይዛ ከች አለች። ሱሪውን ገልብጣ አየችው፤ መነጽሯን አድርጋ ደግማ አየችው።

«ይኼ ነገር የወረቀት ስቴፕለር ሽቦ ነው?»

«ለጊዜው ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሱሪ ነው ወይስ ማመልከቻ? ማኅተም ብቻ እኮ ነው የቀረው!»

እኔ በሳቅ ሞትኩ። እሱ አልሳቀም። «አሮጌ ሱሪዬን ላምጣልዎት፤ በእሱ ይለኩት» አላት። ቆሞ መለካት አልፈለገም። ያን እግሩን ሰው ሲያይበት አይወድም፤ እኔን እንኳ ይደብቀኛል።

«የድሮው ሱሪህ የድሮው እግርህ ልክ ነው። ጫማህን አድርግ፣ ቀበቶህን እሰር፤ ከምንጣፉ ውረድና ወለሉ ላይ ቁም።»

«እትዬ፣ እባክዎ ይተዉት...»

«ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ጫማ ሥር ተንበርክኬ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያንተ እግር ምን አዲስ ነገር ያሳየኛል? ቁም አልኩህ!»

ቆመ። እሷም በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ተንበረከከች።

«ቁልቁል አትየኝ፤ ስታጎነብስ ልኩ ይበላሻል። በርህ ላይ እንደምትቆመው ቁም።»

ቀና አለ። ሽቦዎቹን ነቅላ ቀኙን ከተረከዙ በኩል አጥፋ ስፒል ሰካችበት። ከዚያ ግራውን፣ ቀኝ የሚባል እግር ጨርሶ እንዳልነበረ፣ ከወለሉ ጀምራ እንደ አዲስ ለካችው። የግራው እጥፋት ከቀኙ አንድ ጣት በለጠ። ሱሪውን አስወልቃ በሳሙና ስባሪ አሰመረች፣ እጥፋቱን በካውያ ተኮሰች፣ ትርፉን ቆረጠችና በእጇ መስፋት ጀመረች። መርፌዋ ከውጪው ጨርቅ አንዲት ክር ብቻ ነካ አድርጋ ትመለሳለች። ከውጪ ስፌቱን ፈልጌ አጣሁት፤ እውነቴን ነው፣ መነጽር አድርጌም አጣሁት!

«በል ልበስና ተራመድ።»

እስከ መስኮቱ ሄዶ ተመለሰ። ሁለቱም ጫፎች ጫማው ላይ እኩል አርፈዋል። መስታወቱ ፊት ቆየ።

«ማነከሱ ጠፋ እንዴ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ወዴት ይጠፋል? አንተ ታነክሳለህ፤ ሱሪው አያነክስም» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ይኼኔ ነው ሳቁ የመጣው፤ እንባውን እስኪጠርግ ሳቀ።

ሰኞ ሄደ። እኔም አላስችል ቢለኝ በምሳ ሰዓት ከሥራ ወጥቼ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ውስጥ ተሸሸግኩ። የታክሲ በር ይከፍታል፤ ሻንጣ ይቀበላል፤ ደረጃውን ይወጣል። ያነክሳል፤ ግን ደረቱን ነፍቶ ነው የሚያነክሰው! አንዲት አሮጊት እንግዳ ክንዱን ይዘው አብረውት ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ በር ጀርባ ሆኖ ከጫማው ጀምሮ ሽቅብ አየው። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ፋርማሲስቷ «ምን ልስጥዎት?» ስትለኝ የማያስፈልገኝን የራስ ምታት መድኃኒት ገዛሁ።

ከሥራ መውጫው ሰዓት አለፈ፤ ባለቤቴ አልመጣም። ምናልባት የሰማችው ነገር ካለ ብዬ ወደ እትዬ ቤት ገሰገስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ባለቤቴ ሳሎኑ መሐል ጫማውን እንዳደረገ ተገትሯል፤ የለበሰው ሱሪ እግሩን አልፎ ወለሉ ላይ ተቆልሏል። ሆቴሉ የሰጠው ሁለተኛ ሱሪ ነው። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አስረክብ ተብሏል። ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ሻንጣዎቹ፣ ስለ አሮጊቷ ለአፍታ ሳያርፍ ያወራል።

እትዬ ስፒሏን በከንፈሯ ይዛ ከሥሩ ሆና ተቆጣች፦ «አንተ ሰው፣ ወሬህን ገታ አድርግና ቁምልኝ፤ ገና ግራው ይቀረኛል!»