የእንሶስላው ቀንበር

የመቱው በቅሎ ነጂ አብደታ ግትር ነበር፤ ግትር ብቻ! መንታ ወንድሙ ኩማ ሶር ፏፏቴ አጠገብ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሞላው፤ ሬሳው ግን አልተገኘም። ዘመድ አዝማድ “ኧረ ሰውዬ፣ እርምህን አውጣ!” ቢለው፣ “ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም” ብሎ ድርቅ አለ። ካለቀሰ ኩማ በእርግጥ የሚሞት ይመስለው ነበር። አባታቸው በልጅነታቸው “የቀኙ በሬዬ፣ የግራው በሬዬ” እያለ ነበር የሚጠራቸው። ቀኙ አብደታ፣ ግራው ኩማ።

ጣሊያን ከወጣ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ዕፅዋት የሚያጠና ፈረንጅ መጣና አብደታ መንገድ መሪ ሆነው። አስተርጓሚው ፈንታሁን የሚባል ጸሐፊ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ሶር ደረሱ። ፈረንጁ የፏፏቴው ፍንጣቂ የሚያርሰው እንሶስላ ዘንድ ቆመ፤ ወደ አበባው እያመለከተም ተናገረ።

“ዚጎሞርፊክ ይባላል” ሲል ፈንታሁን ተረጎመ። “በግሪክ ዚጎን ቀንበር ነው፤ ሞርፌ ደግሞ መልክ። አደይ አበባን በየትም በኩል ቢሰነጥቁት እኩል ይወጣል። ይሄ ግን እንደ ተጠመዱ በሬዎች ነው፤ መሀል ለመሀል ካልሆነ እኩል አይከፈልም። ግራና ቀኝ አለው።”

“ዋንጆ በለኛ!” አለ አብደታ፣ ቀንበርን በኦሮምኛ ጠርቶ። እየሳቀም አበባውን ለማየት ጎንበስ አለ። የአበባው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ግራው ግማሽ ጠቁሮ ደርቋል። ቀኙ እንደ ፈካ ነው።

“ወይኔ ኩማ! ወይኔ የግራው በሬ!”

ሦስት ዓመት ያፈነው እንባ ገነፈለ፤ ደረቱን ደቃ። ከገደሉ ማዶ “ወይኔ! ወይኔ!” የሚል ማሚቶ መለሰለት። ጉድ እኮ ነው፤ አብደታ ዝም ካለ በኋላም ማሚቶው አላቆመም።

ፈረንጁ ደንግጦ ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። ፈንታሁን ነገረው። ፈረንጁ አበባውን አየት አድርጎ ጥቂት ቃል ተናገረ፤ ፈንታሁን ግን ለመተርጎም አመነታ።

“ምን አለ? ተናገር እንጂ!”

“ጋሼ አብደታ… የአበባ ግራና ቀኝ የሚቆጠረው ፊት ለፊትዎ እንደ ቆመ ሰው ነው ይላል። በእርስዎ ግራ ያለው… የአበባው ቀኝ ነው።”

አብደታ ቀኝ ትከሻውን ዳሰሰ። ከማዶ ያለው ልቅሶ አሁንም አልበረደም። ጆሮውን አቀና። ድምፁ የኩማ ነው።

“ወይኔ አብደታ! ወይኔ የቀኙ በሬ!”