አተላውና የባለቤቴ አፍንጫ

ደክሞኛል። ጡረታ ስወጣ አርፋለሁ ያልኩት ሰውዬ፣ ሀዋሳ መሀል ከቤቴ ጓሮ ሁለት ላም አስሬ ይኸው ጎህ ሳይቀድ አዛባ እዝቃለሁ። መንገደኛው ሁሉ በአጥሬ ሥር አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ግን ምንም አይሸተኝም። እውነቴን ነው፣ ምንም!

ምክንያቱን የነገረኝ ላሞቼን የሚያክመው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው። «አባባ፣ ሽታ ማለት በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው። ከአየር ጋር ገብቶ አፍንጫዎ ውስጥ ከላይ በኩል ያሉትን ነርቮች ሲነካ እነሱ ለአንጎል ይናገራሉ» አለኝ።

«ታዲያ የእኔዎቹ ምን ነካቸው? ሞቱ?»

ሳቀ። «አልሞቱም። አንድ ዓይነት ሽታ ሳያቋርጥ ሲመጣባቸው ዝም ይላሉ። አፍንጫ የሚጮኸው አዲስ ነገር ሲመጣ ነው። ትንሽ ቀን ራቅ ብለው ቢመለሱ ያን ጊዜ ይሸትዎታል።»

ወዴት ልራቅ? ላም ያሰረ ሰው የት ይሄዳል!

መከራ ያመጣብኝ ግን አዛባው አይደለም፣ አተላው ነው። የፉርሽካ ዋጋ አልቀመስ ሲል ከአንዲት ጠላ ጠማቂ አተላ በጀሪካን እየገዛሁ በባጃጅ ማመላለስ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ታውቀኛለች። ጌታን ሳላውቅ በፊት ቤቷ የማመሽ ደንበኛዋ ነበርኩ፤ ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። «ምነው አንተ ሰውዬ! ድሮ ጠላውን ጨርሰህ አተላውን ትተውልኝ ነበር፣ ዛሬ ተገላበጠ?» ትለኛለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ይሁን እንጂ ጀሪካኑን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያ ሽታ ሲመጣ ምራቄን እውጣለሁ። ትንሽ ስቆይ ይጠፋል። አፍንጫ መልመዱ በጀኝ እል ነበር።

የጸሎት ቡድናችን በየሳምንቱ ከቤት ቤት እየዞረ ይገናኛል። ተራው እኛ ቤት ደረሰና መጡ፣ ዘመሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። አፍንጫ አይጨፈንም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዱ ሽማግሌ ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ወንድሜ፣ ሰው ይወድቃል፣ ይነሳል። ብቻ አትደብቀን።»

«ምኑን ነው የምደብቀው?»

«ቤትህ ጠላ ጠላ ይሸታል። ልብስህም።»

«ኧረ አተላ ነው! ለላሞቹ ነው!» ብል ማን ይስማኝ። ልጅ እንደሚያባብል ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አመል ያወጣል ከመሀል ይባል የለ፣ በሆዳቸው ያሉት እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ቆሜ ምእመን የመቀበል አገልግሎቴን ለሌላ ሰው ሰጡት። በጣም አመመኝ።

ባለቤቴ ግን እሳት ሆነች። «አብሬው የማድረው እኔ ነኝ! ቢጠጣ መጀመሪያ የሚሸተው ለእኔ ነው!» ብላ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ሽማግሌውን አፋጠጠቻቸው። በመጠጤ ዘመን ከሁሉ በላይ የተጎዳችው እሷ ናት። እሷ ካመነችኝ ሌላው የፈለገውን ይበል ብዬ ተጽናናሁ።

ከዚያ እናቷ ታመሙና ልታስታምም ገጠር ሄደች። ሰነበተች። እዚያ ከብቱም ሰውም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድረው።

የተመለሰች ቀን ደክሞኝ ጋደም ብዬ ነበር። የግቢው በር ሲንኳኳ ዓይኔን እያሻሸሁ ወጥቼ ከፈትኩላት። ሰላም ሳትለኝ ቆመች። ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ወሰደች። አዛባው ምንም አላላትም፣ እናቷ ቤት ለምዳዋለች። አተላውን ግን አፍንጫዋ ረስቶታል።

«ጠጣህ?» አለችኝ።

«አንቺም?»

ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ተጠጋችኝ። «እስቲ ተንፍስ።»

ተነፈስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ግቢዬ፣ አፌን ከፍቼ ለሚስቴ ተነፈስኩላት። አሸተተችኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ አልፋ ጀሪካኑን ከፍታ አሸተተች። የማለቢያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ይቅር በለኝ» አለች። «ግድ የለም» አልኩ። ግድ ነበረኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ እየቀዳች ድንገት ቀና አለች።

«አሁን ምንም አይሸተኝም።»

«እሰይ! ለመድሽዋ።»

«እሰይ አትበል። ከእንግዲህ ብትጠጣ በምን ላውቅ ነው?»

እውነቷን ነው። እዚህ ቤት ጠጥቼ ብገባ የሚያውቅብኝ አፍንጫ የለም። ይህን እኔም ሳላስበው ቀርቼ አይደለም፤ አገልግሎቴን ከተቀማሁ ወዲህ፣ ያቺ ሴትዮ ጀሪካኑን እስክትሞላ ስጠብቅ፣ አንድ ብርጭቆ ብጠጣ ማን ያውቃል እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ።

በዚያው ቀን ባዶ ጀሪካኖቹን ለጠላ ጠማቂዋ መለስኩላት። «አተላውንም ተውከው?» ብላ ሳቀችብኝ። ላሞቹ ወተታቸው ቀነሰ፣ እኔም በፉርሽካ ዋጋ እማረራለሁ።

ባለቤቴ አሁንም ከውጭ ስትገባ በሩ ላይ ቆም ብላ አየሩን ሳብ ታደርጋለች። አተላ እንደሌለ ታውቃለች። የምታሸተው እኔን ነው። እኔም እስክትጨርስ ዝም ብዬ እቆምላታለሁ።