የዳማው ሰኮና

ሳሊህ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ በሚሠራበት ስኳር ፋብሪካ የፈላ ሽሮፕ ከጉልበቱ በታች ፈሰሰበት። እግሩ ይቆረጥ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመክሮበታል። ሳይቆረጥ ቀረ። አራት ወር ተኝቶ፣ አዲሱ ቆዳ ከዳር ወደ መሃል ሲመጣ በጣቱ እየለካ ዳነ። እስካሁን ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው።

ከዚያ ደራ ከተማ ገብቶ የጋሪ ፈረስ ሰኮና መከርከም ያዘ። በዚህ ሥራ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

አምና ጥቅምት ኢፍቱ የምትባል ባለጋሪ ዳማ ፈረሷን እየጎተተች መጣች። የፊት ሰኮናው ከታች ተሰንጥቆ ፀጉሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚህ ፈረስ ነው። ሌሎቹ ባለጋሪዎች አስፋልት ዳር ልቀቂው፣ ጅብ ይጨርሰው ብለዋታል። ስንጥቁ ይገጥም እንደሆነ ጠየቀችው።

"አይገጥምም። እያደገ ይወርዳል እንጂ። ዘጠኝ ወር ትታገሻለሽ?"

ስንጥቁ ሽቅብ እንዳይሮጥ ከጫፉ ላይ በሞረድ አግድም ሰረዝ አወጣበት።

አዳማ ባዮሎጂ የምትማረው ልጁ ዋፊቃ ቅዳሜ መጥታ ስንጥቁ የማይገጥምበትን ምክንያት አስረዳችው። ሰኮናም ጥፍርም ፀጉርም፣ የሰው ቆዳ የላይኛው ሽፋንም ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ክሩ ሁለት ሁለት ሆኖ እንደ ገመድ ይገመዳል። የቆዳ ሕዋስ ታች ተወልዶ ወደ ላይ ሲገፋ አንዱን የኬራቲን ዓይነት በሌላ ይተካል፤ ላይ ሲደርስ ይሞትና ጋሻ ይሆናል። ሰኮናም እንዲሁ የሞተ ስለሆነ የተሰነጠቀው አይገጥምም፤ ከፀጉሩ ሥር አዲስ እያደገ ወደ ታች ይገፋዋል። መዳፍና ውስጥ እግር ለብቻቸው የተለየ ዓይነት አላቸው። የቆቃ ሐይቅ ዓሣም ኬራቲን አያጣም፤ ቆዳ የደነደነው ግን የጥንት እንስሳት ከውሃ ወጥተው ደረቅ መሬት መኖር ሲጀምሩ ነው።

"ታዲያ እኔና ዳማው ዘመድ ነን?"

"በጥፍር በኩል፣ አባ።"

ባለጋሪዎቹ ይህን ሰምተው የዳማው አጎት እያሉ ይጠሩት ጀመር።

ኢፍቱ መናኸሪያ በር ላይ የተቀቀለ በቆሎ እየሸጠች ከረመች። አምስተኛው ወር ላይ ልጆቿ ጦማቸውን አደሩና ለአንድ ገበያ ቀን ብቻ ልጥመደው ብላ መጣች። ሳሊህ አልተቆጣትም። ሰኮናውን አንስቶ ከፀጉሩ እስከ ሰረዙ ያለውን በራሷ ጣት አስለካት። ሁለት ጣት ወርዷል። ፈረሱን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሐምሌ ላይ የመጨረሻውን ስንጥቅ ከርክሞ ጣለው። ዳማው በማግስቱ ጋሪ ጎተተ።

ሳሊህ ይህን ሲያጫውተኝ፣ በዕድሜህ ከሠራኸው ሁሉ የቱ ይበልጥብሃል ብዬ ብጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

"እኔ ምን ሠራሁ? ሰኮናው ራሱ አደገ። ትልቁ ነገር ያቺ ሴት ልጆቿ ተርበው እያየች ፈረሱን አለመጥመዷ ነው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ እሱ ይበቃኛል።"